የባህል ዳንስ ቡድን ውስጥ ጥንድ መቀያየር ግዴታ ይሁን ወይስ ይቅር?

የኡፕሳላዋ
ሰላም ወገን። እዚህ ስዊድን የባህል ዳንስ ቡድኖችን የሚያከራክር ጉዳይ ነው፤ ከእኛም ብቅ የሚሉ ስላሉ ላምጣው ብዬ ነው። እኔ አንዱን ቡድን ከሚያስተባብሩት አንዷ ነኝ። ማታ አዳራሽ እንከፍታለን፣ ቫዮሊንና ኒኬልሀርፓ የሚጫወቱልን አሉ (ኒኬልሀርፓ ቁልፍ እየተጫኑ በደጋን የሚጫወቱት የዚሁ የኡፕላንድ መሣሪያ ነው)። መጀመሪያ ትምህርት፣ ቀጥሎ ፊካ (የቡና እረፍት)፣ ከፊካ በኋላ ነፃ ዳንስ። በትምህርቱ ሰዓት ጥንዶች በየዜማው ይቀያየራሉ። ደንባችን ነው። አሁን ከነባሮቹ አንዳንዶቹ ደንቡ ይነሳልን አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ጭራሽ ነፃ ዳንሱም ላይ ይሁን ይላሉ።

እኔ በትምህርቱ ላይ ይቀጥል ባይ ነኝ። ፖልስካ የሚባለው የጥንድ ዳንሳችን በቪዲዮ አይለመድም። ሁለት ሰው ተያይዞ ነው የሚሽከረከረው፤ ክብደትህን ለሌላው ትሰጣለህ፣ የእሱን ትቀበላለህ። ሁለት ጀማሪ ሲያያዙ አንዱ ወዲህ ይጎትታል አንዱ ወዲያ፣ ራሳቸው ይዞራል፣ ተስፋ ቆርጠው ይቀመጣሉ። የሚችል ሰው ይዞት ጥቂት ካዞረው ግን እግሩ ባይገባውም ወገቡ ይገባዋል።

ነፃ ዳንሱ ላይ ግን ሰው አይገደድ። እዚያ ነባሮቹ ራሳቸው ሄደው ይጋብዙ። ባለፈው መኸር አንዲት ልጅ መጣች። ትምህርቱን በደንብ ተከታተለች፣ ሳቂታ ነበረች። ከፊካ በኋላ ግን ነባሮቹ አንዱ ዜማ ሳያልቅ ለሚቀጥለው ዓይን ለዓይን ተጠራርተው ይጨርሳሉ። ልጅቷ የቡናው ቴርሞስ አጠገብ ቆማ ቀረች። ባዶ ኩባያዋን ይዛ፣ እግሯ ግን ምቱን እየመታ። ሦስተኛው ዜማ ሲጀምር ካፖርቷን አነሳች። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ናቸው ከእጇ ተቀብለው መልሰው የሰቀሉት። ጫማዋ የጎማ ሶል ስለነበረው አስወለቋት፤ ጎማ ወለሉን ስለሚይዝ ስትዞሪ የሚጠመዘዘው ጉልበትሽ ነው። በካልሲ ደነሰች። እስካሁን አልቀረችም። ሴትዮዋ ያን ቀን ባይኖሩስ? እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የአንድ ቡድን እንግዳ ተቀባይነት በአንድ ደግ ሰው መምጣትና አለመምጣት ላይ መንጠልጠል የለበትም።

እናንተ ምን ትላላችሁ?

ጋሼ ቬስቴሮስ
እኔ እቃወማለሁ፣ ልጄ። በክፋት አይደለም። ይህን ዳንስ እወደዋለሁ፣ ስለምወደው ነው የምናገረው።

ፖልስካ አንድ ዳንስ አይደለም። የቦዳና የኦርሳ ፖልስካ ሁለቱም ከዳላርና አውራጃ ናቸው፣ ግን አያያዛቸውም እርምጃቸውም ለየቅል ነው። ሦስት ምት ነው ይባላል እንጂ ሦስቱ ምቶች እኩል ርዝመት የሌላቸው ስንት አሉ። ይህን ለማግኘት ከአንድ ሰው ጋር ደጋግመህ መድከም አለብህ። ዳኞች ፊት ቀርበው ለፖልስካ ሜዳሊያ የሚፈተኑ አሉ፤ እነዚያ ከማን ጋር ይለማመዱ? አራት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሰው እየቀያየርክ የምትማረው የሁሉንም ትንሽ ትንሽ ነው፣ የአንዱንም ጥልቀት አታይም። በመጨረሻ የሚቀረን ቀላል ቀላሉ ብቻ ይሆናል። በየመንደሩ የነበረው ልዩነት ይሞታል። ለእንግዳ ተብሎ ቤቱ ከፈረሰ እንግዳው ምን ላይ ሊቀመጥ ነው?

ሌላም አለ። ዳንሱ ሁሉ ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ተቃራኒ ነው የሚዞረው። አንድ ጥንድ መንገድ ላይ ከቆመ ኋላ ያለው ሁሉ ይጋጫል። ዓይኔ እያየ ሰው ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል።

የኡፕሳላዋ
ጋሼ፣ የመንገዱ ነገር እውነት ነው፣ ግን መፍትሔው ቀላል ነው። የሚለማመድ ወደ መሐል ይግባ፣ የሚፈጥነው በውጭ በኩል ይለፍ። ይህን በመጀመሪያው ቀን የሚነግር ሰው ካለ ግጭት አይኖርም ማለት ይቻላል። አብዛኛው ቦታ ግን ማንም አይነግርም፤ ጀማሪው ሲጋጭ በዓይን ይገረፋል እንጂ።

ለሜዳሊያ የሚፈተኑት ደግሞ ሌላ ምሽት ይያዝላቸው። እኔ ራሴ ቁልፉን ይዤ እከፍትላቸዋለሁ። የጀማሪ ትምህርት ላይ መጥተው ከአንድ ሰው ጋር ተጣብቀው ሲውሉ ነው የምቃወመው።

ዝምተኛዋ
እኔ ደግሞ በሌላ በኩል ልግባ። ቀይሩ ሲባል ደስ የማይለኝ ሰው ነበርኩ፣ ምክንያቱም በአንድ ቡድን ውስጥ (የት እንደሆነ ይቅር) አንድ ሰውዬ ነበር። የፖልስካ አያያዝ ቅርብ ነው፤ ክንዱ ጀርባሽ ላይ ነው፣ የአንቺ እጅ ትከሻው ላይ። እሱ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ይጎትታል። ክቡ በዞረ ቁጥር ተመልሶ እኔ ጋር ይደርሳል። ለአስተማሪው ብነግር «እሱ እንዲህ ነው፣ ለሁሉም ነው» ተባልኩ። ተውኩት፣ ሄጄ አላውቅም።

ስለዚህ «ግዴታ» የሚለውን ቃል ስሰማ ሰውነቴ ይቆጣል። ደንቡን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን መልሱልኝ። ያስቸገረኝን ሰው አልፈልግም ስል ሥነ ሥርዓት አበላሽሽ እባላለሁ ወይ?

የኡፕሳላዋ
እህቴ፣ በፍጹም። ይህንን በግልጽ መናገር የኛ የአስተባባሪዎች ሥራ ነው። በኛ ቡድን ማንም ሰው ምክንያት ሳይናገር ከክቡ ወጥቶ መቀመጥ ይችላል፣ አንድን ሰውም መዝለል ይችላል። «እረፍት» ብሎ እጅ ማንሳት ይበቃል። እንደዚያ ያለውን ሰውዬ ደግሞ ማነጋገር ያለብን እኛ ነን፣ አንቺ መሸሽ የለብሽም። ሁለት ሰው ከአስተባባሪዎቹ በዚያው ምሽት ለብቻው ወስዶ ያነጋግረዋል፣ ካልታረመ ቤቱ ይቀመጣል። «እሱ እንዲህ ነው» የሚባል መልስ ስንት ሴት እንዳባረረ ማን ቆጥሮት።

የሶልና ልጅ
ጥያቄ አለኝ፣ በቅንነት ውሰዱልኝ። ክብ ሆነን ስንቀያየር ሴት ካነሰ ወንድ ከወንድ ጋር ነው የምደንሰው? እኔ አይመቸኝም። ባህል ነው ካልን ወንድና ሴት አይደለም ወይ ባህሉ?

የኡፕሳላዋ
ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኛ «የሚመራ»ና «የሚከተል» ነው የምንለው፣ የፈለገው የፈለገውን ይማራል። ሀምቦ የሚባለው የጥንድ ዳንስ ላይ የሁለቱ እርምጃ ስለሚለያይ ሁለቱንም የሞከረ ሰው ቶሎ ይገባዋል። አንተ ካልተመቸህ ግን ለዝምተኛዋ ያልኩት ላንተም ይሠራል፣ ትዘላለህ፣ ማንም አይጠይቅህም።

ባህሉን በተመለከተ ግን ታሪኩን እንይ። የመጀመሪያው የስዊድን የባህል ዳንስ ማኅበር ፊሎኮሮስ ነው፣ በፈረንጆቹ 1880 እዚሁ ኡፕሳላ ተማሪዎች ያቋቋሙት። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ወንዶች ነበሩ። ግማሾቹ የሴት ልብስ ለብሰው ነበር የሚደንሱት። መድረክ ላይ ካወጧቸው ዳንሶች ብዙዎቹ ደግሞ ከመንደር ሳይሆን ለመድረክ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ጋሼ የሚሉትን የመንደር ፖልስካ እንደገና ከሽማግሌዎች ጉልበት ሥር ተቀምጠው የተማሩት በ1970ዎቹ የተነሱት ወጣቶች ናቸው። ጀማሪ ነበሩ ሁሉም። ሽማግሌዎቹ «ሂዱና ተለማምዳችሁ ኑ» ብለው ቢመልሷቸው ኖሮ ዛሬ የምንጣላበት ፖልስካ አይኖርም ነበር።

ከኦስሎ
ከኖርዌይ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ላንስካፕላይክ የሚባል አገር አቀፍ ውድድር በየዓመቱ አለ። ጥንዶች ስፕሪንጋርና ጋንጋር በሚባሉ ዳንሶች ይወዳደራሉ፣ ሀሊንግ የሚባለው ደግሞ የብቻ ዳንስ ነው፣ በዱላ ጫፍ ከፍ ተደርጎ የተያዘ ባርኔጣ ዘለህ በእግርህ የምትጥልበት። ውድድሩ በጣም ከባድ ነው፣ ሰው ዕድሜውን ይሰጠዋል። ማታ ማታ ግን እዚያው ክፍት ዳንስ አለ፣ ያሸነፈውም ያላሸነፈውም እኩል ወለሉ ላይ ነው።

የጋሼን ስጋት እረዳለሁ። የቴሌማርክ ስፕሪንጋር ምቱ ረጅም፣ መካከለኛ፣ አጭር ነው። የቫልድሬስ ደግሞ አጭር፣ ረጅም፣ መካከለኛ። አንድ ሁለት ሦስት ብለህ ብትቆጥር ትጠፋለህ። እኔ የያዘኝ እንዴት መሰላችሁ? አንድ አዛውንት ይዘውኝ ምንም ሳያስረዱ «የቫዮሊን ተጫዋቹን እግር ስማ» አሉኝ። እሱ በጫማው ወለሉን ይመታል፣ ያን ተከተልኩ። ጥልቀቱን ያገኘሁት ከእኔ የተሻለ ሰው ጋር ስለደነስኩ ነው። ስለዚህ መቀያየር ጥልቀት ያጠፋል የሚለው ለኔ ተገላቢጦሽ ነው።

ሒሳብ ያዥ
ማንም ያላነሳውን የገንዘብ ነገር ላንሳ። ብዙዎቹ ቡድኖች በጎልማሶች ትምህርት ማኅበራት ሥር እንደ ጥናት ክበብ ተመዝግበው ነው የሚንቀሳቀሱት። ድጎማው ከመንግሥት ነው የሚመጣው። ከ2024 ጀምሮ መንግሥት ያን ድጎማ እየቀነሰ ነው። የአዳራሽ ኪራይ ደግሞ አይቀንስም። ወጣት ካልገባ ቡድኑ ይዘጋል፣ በቃ። ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ እየበላህ በርህን ለወዳጆችህ ብቻ መክፈት ነውር ነው። በግላቸው ከፍለው የሚሰበሰቡ ከሆነ ግን ከሚስታቸው ጋር ብቻ ይደንሱ፣ ማን ከልካይ አላቸው።

ጋሼ ቬስቴሮስ
ሒሳቡ ልክ ነው፣ አልክድም። ግን ቁጥር ለመሙላት ተብሎ ዳንሱ ሲቀል አይቻለሁ። ሾቲስና ቫልስ የሚባሉት ቀላል ዳንሶች ብቻ ሲደጋገሙ አንድ ክረምት አለፈ። ቫዮሊን ተጫዋቾቹ ሰልችቷቸው ሄዱ። እነሱ ከሄዱ ደግሞ በስፒከር ነው የምትደንሱት።

ይህ ነገር አንዴ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ሃይማኖታዊ መነቃቃቱ ሲመጣ ቫዮሊን የሰይጣን ነው ተብሎ የተቃጠለበት ዘመን ነበር። ሠዓሊው አንደርሽ ሶርን በ1906 ጌሱንዳ ላይ የተጫዋቾቹን ውድድር ያዘጋጀው እኮ ዜማዎቹ አብረው እንዳይቀበሩ ብሎ ነው። እኔ የምፈራው እንደገና እንዳይጠፋ ነው፣ በዚህኛው ዙር ደግሞ በቸርነት።

የኡፕሳላዋ
ጋሼ፣ ይህን ሲሉ ልቤን ነኩት፣ እኔም የምፈራው እሱኑ ነው። ግን ዳንሱን ማቅለል አላልኩም። የቦዳ ፖልስካ የቦዳ ፖልስካ ሆኖ ይቀጥል፣ ከነአስቸጋሪ ምቱ። የኒኬልሀርፓ ተጫዋቾችንና ሠሪዎችን መረብ ዩኔስኮ በ2023 በመልካም የጥበቃ አሠራሮች መዝገብ ላይ ሲያሰፍረው ያየው ይህንን ነው፣ አጨዋወቱም አሠራሩም ከሰው ወደ ሰው መተላለፉን። ጀማሪን የሚያባርረው የዳንሱ ክብደት አይደለም። ከባድ ነገር ሊማር ነው የመጣው። የሚያባርረው ማንም ሳይጠራው ቆሞ መቅረቱ ነው።

ለዓመታዊ ስብሰባው የማቀርበው ይሄ ነው። በትምህርት ሰዓት መቀያየር፣ ከነመዝለል መብቱ። ለጥልቅ ልምምድ የተለየ ምሽት። ነፃ ዳንሱ መጀመሪያ ላይ ሎንግዳንስ፣ ማለትም እጅ ለእጅ ተያይዞ በሰንሰለት የሚሄደው፣ ምክንያቱም እሱ ጥንድም ልምድም አይጠይቅም፣ የገባ ሁሉ ጫፉን ይይዛል። ከነባሮቹ ደግሞ በየምሽቱ ሁለት ሰዎች ተራ ይገባሉ፤ ሥራቸው ቴርሞሱ አጠገብ የቆመ ሰው ካለ ሄዶ መጋበዝ ነው።

ዝምተኛዋ
መዝለል መብት ነው የሚለው በጽሑፍ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በአፍ ብቻ ከሆነ አልመጣም።

የኡፕሳላዋ
ይለጠፋል። በአማርኛም በስዊድንኛም።

ጋሼ ቬስቴሮስ
በመቀያየሩ ላይ አሁንም እጄን የማወጣው ተቃውሜ ነው። ተራ ለሚገቡት ሁለት ሰዎች ግን ስሜን ጻፊው። ጥቅምት ላይ እመጣለሁ፣ ከዚያ በፊት ጉልበቴ አይፈቅድልኝም።