ሃይድሮኮርቲዞን የሚወስድ ሕመምተኛ ቢካርቦኔቱ ለምን ይጨምራል?

ተረኛ፣ ሰበታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከባድ አስም ይዞት የተኛ ወጣት ነው፤ ሃይድሮኮርቲዞን 100 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ በደም ሥር፣ ከሳልቡታሞል (የአየር ቧንቧ ከሚከፍተው መድኃኒት) ጋር። በሦስተኛው ቀን ፖታሲየም ወደ 2.7 ወርዶ፣ ቢካርቦኔት (በደም ውስጥ አሲድን የሚያረክሰው) 33 ደረሰ። አላስመለሰውም፣ ፉሮሰማይድም (የሚያሸና መድኃኒት) አልወሰደም። ሃይድሮኮርቲዞን ራሱ ኮርቲዞል ነው፤ ኮርቲዞል ደግሞ ፕሮክሲማል ቱቡል (የኩላሊት ቱቦ መጀመሪያ ክፍል) ላይ ኤንኤችኢ3ን (ሶዲየም አስገብቶ አሲድ የሚያወጣ መለዋወጫ) እንደሚያነቃቃ ይታወቃል። አልካሎሲሱ (የደም አሲድ ማነስ) የመጣው ከዚያ ነው? ኩላሊቱስ ትርፉን ለምን አይሸናውም?

ኔፍሮን፦
ኤንኤችኢ3 አለበት፣ ዋናው ግን እሱ አይደለም። ኮርቲዞል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በኤስጂኬ1 (ሴል ውስጥ ትእዛዝ አስተላላፊ ኢንዛይም) በኩል ሴሉ ውስጥ የተቀመጡትን መለዋወጫዎች ወደ ቱቦው ፊት ያወጣቸዋል፤ ሲቆይ ጂኑን ቀስቅሶ ቁጥራቸውን ያበዛል። ይህ ክፍል ግን በዚህ መንገድ የተጣራውን ቢካርቦኔት (በቀን 4,300 ሚሊሞል ገደማ) 80 በመቶ ያህሉን መልሶ ይሰበስባል እንጂ አዲስ አይጨምርም። አዲስ የሚገኘው እዚያው ከግሉታሚን አሞኒያ ሲሠራ ነው፤ ኮርቲዞል ያንንም ያበረታታል።

ጣጣው ያለው ኮሌክቲንግ ዳክት (የቱቦው መጨረሻ ክፍል) ላይ ነው። የአልዶስቴሮን (ሶዲየም የሚያስይዝና ፖታሲየም የሚያስወጣ ሆርሞን) ሪሴፕተር ኮርቲዞልንም እኩል ይቀበላል። በደም ውስጥ ደግሞ ኮርቲዞል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ 11-ቤታ-ኤችኤስዲ2 የተባለው ኢንዛይም ኮርቲዞልን ወደ ኮርቲዞን እየለወጠ ሪሴፕተሩን ይከላከላል። በቀን 400 ሚሊ ግራም ሃይድሮኮርቲዞን ሲገባ ኢንዛይሙ አይችለውም። ያን ጊዜ እዚያ ያለው ፕሪንሲፓል ሴል በኢናክ (የሶዲየም መተላለፊያ) ሶዲየም ይስባል፣ የቱቦው ውስጥ ኔጌቲቭ ይሆናል፣ ፖታሲየም ይፈስሳል። አጠገቡ ያለው አልፋ ኢንተርካሌትድ ሴል በኤች-ኤቲፒኤዝ (አሲድ ገፊ ፓምፕ) አሲዱን ወደ ሽንት ይገፋል፣ በኤኢ1 (ሌላ መለዋወጫ) ቢካርቦኔቱን ወደ ደም ይመልሳል። ፖታሲየም ባነሰ ቁጥር የአሞኒያ ምርት ይጨምራል፣ ፖታሲየም እያስገባ አሲድ የሚያወጣው ኤች-ኬ-ኤቲፒኤዝም ይነቃል። ትርፉ የማይሸናው ለዚህ ነው፤ ፖታሲየሙ ሳይሞላ ቢካርቦኔቱ አይወርድም።

ሳልቡታሞልም ፖታሲየም ይቀንሳል፣ ግን ወደ ሴል በማስገባት ነው። የሽንት ፖታሲየምና ክሎራይድ ላክ።

ላቦራቶሪ፣ ሱሉልታ፦
ዶክተር፣ አስም ስለሆነ ብለድ ጋዝ (የደም ጋዝና አሲድ ምርመራ) ሳያዩ አልካሎሲስ አይበሉት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታምቆ ከሆነ 33 ማካካሻ ሊሆን ይችላል። ፈሳሽ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) የምትጠቀሙ ከሆነ ከሲሪንጁ ጨርሳችሁ ግፉት፤ ከተረፈ ፒሲኦ2ንም (የደም ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን) ቢካርቦኔትንም አሳንሶ ያሳያል። አረፋውን አውጥታችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይነበብ። ለኤሌክትሮላይት (እንደ ፖታሲየም ላሉ ጨዎች ልኬት) ወደ ከተማ የምትልኩት ደም ሴረሙ (ፈሳሹ ክፍል) ሳይለይ መንገድ ላይ ከዋለ ወይም ሴሎቹ ከተሰባበሩ ፖታሲየሙ በሐሰት ከፍ ይላል፤ እውነተኛው ከ2.7ም ሊያንስ ይችላል። ደግሞ የምንኖረው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የጤነኛ ሰው ፒሲኦ2ም ቢካርቦኔትም ከባሕር ጠለል ሰው ዝቅ ስለሚል፣ የመጽሐፉ መደበኛ ቢካርቦኔት፣ 24፣ ለእኛ ትንሽ ይበዛል።

ተረኛ፣ ሰበታ፦
ፒኤች 7.49፣ ፒሲኦ2 44። የሽንት ክሎራይድ 46፣ ፖታሲየም 38። ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) እንጨምርለት?

ኔፍሮን፦
አይ። ፒኤቹ ከፍ ስላለ 33ቱ ማካካሻ ሳይሆን እውነተኛ አልካሎሲስ ነው። የሽንት ክሎራይዱ ከ20 በታች ቢሆን ኖሮ ሳላይን ያርመው ነበር። አሁን ግን ተጨማሪ ሶዲየም ኮሌክቲንግ ዳክት ሲደርስ ፖታሲየም ያስወጣል። ፖታሲየም ክሎራይድ ስጠው፤ በእጅ ደም ሥር በሰዓት 10 ሚሊሞል፣ በሊትር ከ40 ሳይበልጥ፣ ዴክስትሮስ (የስኳር ውሃ) ውስጥ ሳይቀላቀል፤ ዴክስትሮስ ኢንሱሊን ቀስቅሶ ፖታሲየሙን ወደ ሴል ያስገባዋል። ማግኒዚየምም ይታይ፤ ካነሰ የፖታሲየሙ መፍሰስ አይቆምም። መዋጥ ከቻለ ሃይድሮኮርቲዞኑን ትተህ ፕሬድኒሶሎን በቀን ከ40 እስከ 50 ሚሊ ግራም ይበቃዋል፤ ሶዲየም የመያዝ ኃይሉም በዚህ መጠን በጣም ያንሳል።