ጅማ ላይ አክሲዮን እየተሸጠ ነው፤ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው?

የሂርማታ ነጋዴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ «በምሥረታ ላይ ያለ» የቡና ማቀነባበሪያ አክሲዮን ማኅበር አክሲዮን ይሸጣል። አንዱ 1,000 ብር፣ ትንሹ ግዢ 20 አክሲዮን፣ በላዩ 5 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አለው። ወኪሉ «ባለሥልጣኑ አጽድቆልናል፤ ብንከስርም የካሳ ፈንድ አለ» ይላል። የሚከፈለው ግን በግለሰብ ሒሳብ ነው። ባለሥልጣኑ ለዚህ ሁሉ ዋስ ነው እንዴ?

ሰነድ መርማሪ፦
ዋስ አይደለም ወንድሜ። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመ፣ ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የሆነ ተቆጣጣሪ ነው። ለሕዝብ አክሲዮን የሚያቀርብ ሁሉ አስቀድሞ የደንበኛ ሳቢ መግለጫውን (ስለ ማኅበሩና ስለ አክሲዮኑ ለገዢ የሚያስረዳውን ሰነድ) እዚያ ማስመዝገብ አለበት። ባለሥልጣኑ የሚያየው ለገዢ መገለጽ ያለበት ነገር መገለጹን ነው፤ ዋጋው ተገቢ ነው፣ ትርፍ ይገኛል አይልም። «አጽድቆልናል» ካላችሁ መግለጫውን አስመጡ። ቀጥታ ሁለት ቦታ ግለጡ፦ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የሚለውንና የስጋት ክፍሉን። መሥራቾች ለራሳቸው ያስቀሩት ጥቅም ካለ እሱም መጻፍ አለበት። «አሁን በእጄ የለም» የሚል ወኪል መልሱን ሰጥቷችኋል።

የካሳ ፈንዱ ደግሞ ሌላ ነው። የታሰበው ፈቃድ ያለው የካፒታል ገበያ አገልግሎት ሰጪ፣ ለምሳሌ የአክሲዮን ደላላ፣ ግዴታውን ሳይወጣ ቀርቶ ደንበኛው ሲጎዳ ነው። ማኅበሩ ቢከስር ወይም የአክሲዮኑ ዋጋ ቢወርድ አይመለከተውም።

የሒሳብ ሰው፦
እኔን ያስደነገጠኝ የግለሰቡ ሒሳብ ነው። በምሥረታ ላይ ላለ ማኅበር የሚከፈል ገንዘብ በማኅበሩ ስም በባንክ በተከፈተ ዝግ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ንግድ ምዝገባው እስኪያልቅ አይወጣም። ግለሰቡ ግን ነገ ጠዋት ማውጣት ይችላል። ለ20 አክሲዮን የምትከፍሉት 21,000 ብር ነው፤ ካፒታል የሚሆነው 20,000 ብቻ። 1,000ዋ ለምሥረታ ወጪ ስለምትሄድ ማኅበሩ ባይመሠረት ተመላሽ ትሁን አትሁን በውሉ ላይ እዩ። ደረሰኙም ሁለቱን ለይቶ ይጻፍ።

የሂርማታ ነጋዴ፦
እናመሰግናለን። ቡናችን በምርት ገበያ ይሸጣል፤ ያም በዚሁ ባለሥልጣን ሥር ነው? ደግሞስ አክሲዮኑን መሸጥ ብንፈልግ?

ሰነድ መርማሪ፦
የለም፣ ምርት ገበያው የቡናና የሌሎች የግብርና ምርቶች ነው፤ አክሲዮን የሚገበያይበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሌላ ተቋም ነው። ጥር 2 ቀን 2017 ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ለግብይት የተመዘገበው የወጋገን ባንክ አክሲዮን ነው። እዚያ የተመዘገበን አክሲዮን ፈቃድ ባለው ደላላ በኩል ትሸጣላችሁ። ያልተመዘገበውን ግን ገዢ ራሳችሁ ፈልጋችሁ፣ መመሥረቻ ጽሑፉ ገደብ ካለው እሱን አሟልታችሁ ነው። «በዓመቱ ሸጠህ ትወጣለህ» የሚለውን አትስሙ።

አቤቱታ ካላችሁ ደረሰኙን፣ የውሉን ቅጂ፣ የወኪሉን መልእክት፣ የተከፈለበትን ሒሳብ ቁጥር አያይዛችሁ ለባለሥልጣኑ ጻፉ። ሰነድ ማስቀረብ፣ መመርመር፣ ሽያጩን ማገድ፣ አስተዳደራዊ ቅጣት መጣል ይችላል። ወንጀል ከሆነ ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው። ከፍላችሁ ከሆነ ለፖሊስም ለባንኩም በዚያው ቀን አመልክቱ፤ ገንዘቡ ከሒሳቡ ከወጣ በኋላ የእገዳ ደብዳቤ አይደርስበትም።