ክርክር፦ ወደ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከመሄዳችን በፊት እናንብብ ወይስ እንዲሁ ገብተን እንይ?

አወያይ፦ ጥያቄው ግልጽ ነው። ዘመናዊ ሥዕልን በደንብ ለማጣጣም ቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል ወይስ ንባቡ ራሱ ዕይታችንን ያበላሻል? ሐሳባችሁን በሥራዎች አስደግፉ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጻፉ።

ሰላም፦ ያስፈልጋል፣ ያውም በጣም። የማሌቪችን «ጥቁር ካሬ» ውሰዱ። ምንም ሳያነብ ለገባ ሰው ጥቁር ቀለም የተቀባ ሸራ ነው፣ አለቀ። ሰዓሊው ግን በ1915 ፔትሮግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) ውስጥ ለሕዝብ ሲያሳየው ዝም ብሎ ግድግዳ ላይ አልሰቀለውም። ከጣሪያው ሥር፣ ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ነው ያስቀመጠው። በሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤቶች ያ ቦታ የቅዱሳን ሥዕል ቦታ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ሊቆጣ ይችላል፣ ሊደነቅም ይችላል። ዝም ብሎ ግን አያልፍም።

ዮናስ፦ አልስማማም። ያልሽው ታሪክ ደስ ይላል፤ ግን ያየሽው ሥዕሉን ነው ወይስ ታሪኩን? ብዙ ሰው መግለጫውን ያነብና ቀና ብሎ ሸራውን አንዴ ገልመጥ አድርጎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጎብኚዎችን የተከታተለ፣ በ2001 የታተመ ጥናት አለ። ሰው አንድ ሥራ ፊት የሚቆየው በአማካይ 27 ሰከንድ ነበር። ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከ17 ሰከንድ አላለፈም። ችግሩ የንባብ ማነስ አይደለም፣ ያለመቆም ነው።

ሰፋፊ የቀለም ሸራዎችን የሠራው ሰዓሊ ሮትኮ ተመልካቹ ከሸራው ግማሽ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት እንዲቆም ይፈልግ ነበር። እስቲ እንዲያ ጠጋ ብለሽ ቁሚ። ከሩቅ አንድ ወጥ ቀይ የመሰለሽ ነገር በላይ በላዩ የተደራረበ ስስ ቀለም ሆኖ ታገኚዋለሽ። ጠርዙ ደብዝዞ ወደ ጎረቤቱ ቀለም ይገባል። ይህን ለማየት የትኛው መጽሐፍ ያስፈልጋል?

ሰላም፦ መቆሙ ላይ አንጣላም። ግን ሰው ምክንያት ሳይኖረው እንዴት ይቆማል? የማዕዘኑን ጉዳይ እኮ ሸራውን አንድ ሰዓት ብታፈጥበትም አታገኘውም። ሸራው ላይ የለም።

ታደሰ፦ ልጆች፣ እኔ ሌላ ሥራ ላንሳ። ፌሊክስ ጎንዛሌዝ-ቶሬስ በ1991 የሠራው አለ። በላስቲክ የተጠቀለሉ፣ ቀለማቸው የደመቀ ከረሜላዎች በክፍሉ ጥግ ተከምረዋል። ጎብኚው አንስቶ መውሰድ ይችላል። የክምሩ ክብደት መነሻ 175 ፓውንድ ነው፣ ወደ 79 ኪሎ። የማያውቅ ሰው ከረሜላውን በልቶ ይወጣል። ነገሩ ግን የሕይወት አጋሩ የሮስ መታሰቢያ ነው። ሮስ በዚያው ዓመት በኤድስ ሞቷል። ከክምሩ በተነሣ ቁጥር የሚቀንሰው የአንድ ሰው አካል ነው ማለት ነው። ይህን አውቆ እጁን የሚዘረጋና ሳያውቅ የሚዘረጋ ሰው አንድ ሥራ አዩ ልንል ነው?

ዮናስ፦ ጋሽ ታደሰ፣ ምሳሌዎ ከባድ ነው። ግን ያንን መንገር የማን ሥራ ነው? የሙዚየሙ ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የዋለ፣ ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ የሚመጣ ሰው ቲኬት ቆርጦ ሲያበቃ የቤት ሥራ አልሠራህም ሊባል ነው? «መጀመሪያ አንብቡ» የሚለው ምክር ብዙ ሰው ሙዚየም የኔ ቦታ አይደለም ብሎ እንዲቀር ያደርጋል። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ታደሰ፦ ልክ ነህ፣ ግን ሁሉን ለሙዚየሙ መተውም አያዋጣም። ሥራው ያለበት የቺካጎው አርት ኢንስቲትዩት በ2022 መግለጫው ላይ ሮስንም ኤድስንም ሳይጠቅስ ቀረ ተብሎ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ። ከዚያ ተስተካከለ። ማን አስተካከለው? ቀድሞ የሚያውቅ ጎብኚ ነዋ።

ሂሩት፦ ሁለታችሁም ስለ እያንዳንዱ ሥራ ታሪክ ነው የምታወሩት። እኔ ከቤት መያዝ አለበት የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፎቶግራፍ በ1839 ለዓለም ይፋ ሆነ። መልክን በትክክል መያዝ የማሽን ሥራ እየሆነ ሲመጣ፣ ብዙ ሰዓሊዎች «ታዲያ ሥዕል ብቻ ሊያደርገው የሚችለው ምንድን ነው?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ሌላም ብዙ ምክንያት አለ፣ ይህን የያዘ ሰው ግን «ምኑን ይመስላል?» እያለ አይቸገርም። ይህን ለማወቅ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ዮናስ የሚለው ሰውዬም አይከብደውም።

ሥራዎቹን ቀድሞ በስልክ ማየት ግን ይቅር። የፒካሶ ሥዕል «ጌርኒካ» በስልክ መዳፍ ታክላለች። ማድሪድ ላይ ያለችው ወደ 7.8 ሜትር ስፋት አላት። ፈረሱ ላይ እንደ ጋዜጣ ጽሑፍ የተደረደሩት ትንንሽ ጭረቶች በስልክ ጭራሽ አይታዩም። መጀመሪያ እንይ፣ ከዚያ መግለጫውን እናንብብ፣ ከዚያ እንደገና እንይ። ሦስት አራት ሥራ ይበቃል፣ የቀረው ለሌላ ጊዜ።

ዮናስ፦ መጀመሪያ ማየት ከተባለማ እስማማለሁ። አሥር ደቂቃዋም ትሁን። ግን እሷንም ሙዚየሙ መግቢያው ላይ ያዘጋጃት፣ ጎብኚው ላይ አትጣል።