ከሲኒ ጠርዝ ላይ የማይታይ የከንፈር አሻራ ማንሣት ይቻላል?

የሕግ ተማሪ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በማስረጃ ሕግ ክፍል የቀረበልን መለማመጃ እንዲህ ይላል፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ሌሊት ቤት የዘረፉ ሰዎች ጀበናው ውስጥ የተረፈውን ቡና ጠጥተው ሄደዋል። ጓንት ስላደረጉ የጣት አሻራ የለም፤ ሲኒዎቹ ላይም ለዓይን የሚታይ ነገር የለም። የከንፈር አሻራ ሊገኝ ይችላል? ቢገኝስ ፍርድ ቤት ምን ያህል ክብደት ይሰጠዋል?

የኬሚስትሪ መምህር (ወልድያ)፦
ሊገኝ ይችላል። ሊፕስቲክ ባይኖርም ከንፈር ቅባትና ምራቅ ስላለው የመስመሮቹን ቅርጽ በነካው ነገር ላይ ይተዋል። እንደ ሲኒ ባለ ልሙጥ ገጽ ላይ የአሉሚኒየም ወይም የማግኔት ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ ሲነሰነስ ቅባቱ ላይ ተጣብቆ መስመሮቹን ያሳያል። ወረቀት ወይም ጨርቅ ቢሆን ኖሮ በቅባት ውስጥ የሚሟሙት እንደ ሱዳን ጥቁር ያሉ ማቅለሚያዎች ይመረጡ ነበር፤ ናይል ሬድ የተባለው ደግሞ ተስማሚ ብርሃን ሲበራበት ስለሚያበራ አሻራው ከመደቡ ቀለም ተለይቶ እንዲታይ ይረዳል።

በምርመራ ሥራ የቆየሁ (ሐይቅ)፦
መምህር ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዱቄቱ መቅደም የለበትም። በመጀመሪያ ሲኒው ባለበት ሁኔታ ከመለኪያ ጋር ፎቶ ይነሣል። ሲኒ ትንሽና ክብ በመሆኑ ከውጭ በኩል የሚያርፈው በአብዛኛው የታችኛው ከንፈር ነው፤ ስለዚህ የሚገኘው ሙሉ አሻራ ሳይሆን ቁራጭ ነው፤ በዱቄት የወጣውን አሻራ የሚያነሣው ማጣበቂያ ቴፕም ክቡ ገጽ ላይ ስለሚጨማደድ ዙሪያውን በክፍል በክፍል ፎቶ ማንሣት ይሻላል። ከመጀመሪያው ፎቶ ቀጥሎ አሻራ ከሌለበት የጠርዙ ውስጠኛ ክፍል በጥጥ ለዲኤንኤ ናሙና ይወሰዳል። ዱቄቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ብሩሹም አዲስ መሆን አለበት፤ ሌላ ቦታ የተነካካ ብሩሽ የሌላ ሰው ዲኤንኤ ሊያመጣ ይችላልና። እርጥቡን ሲኒ ፌስታል ውስጥ መጠቅለል ደግሞ ናሙናውን ማበላሸት ነው፤ አየር ላይ ደርቆ በወረቀት ከረጢት ይታሸግ።

የሕግ ተማሪ (ደሴ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ዲኤንኤ ከተገኘ የአሻራው ጥቅም ምንድን ነው?

ጠበቃ (ደሴ)፦
ለአቅጣጫ ይጠቅማል፤ ብቻውን ለጥፋተኝነት ግን አይበቃም ባይ ነኝ። ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች ሱዙኪና ቱቺሃሺ በ1970 እ.ኤ.አ. የከንፈር መስመሮችን በዓይነት ቢከፋፍሉም፣ ከንፈር ተለጣጭ በመሆኑ የአንድ ሰው አሻራ እንደ ግፊቱና እንደ አነካኩ ይለያያል፤ ቁስል ወይም ድርቀት ሲጨመርበት ደግሞ ንጽጽሩ ይበልጥ ይከብዳል። በአሜሪካ ኢሊኖይ በማሸጊያ ቴፕ ላይ በተገኘ የከንፈር አሻራ ላይ የተመሠረተ የነፍስ ግድያ ፍርድ በ1999 እ.ኤ.አ. በይግባኝ ቢጸናም፣ በኋላ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ተወስኗል። በመልስዎ ላይ የአሻራውን መመሳሰል ብቻ አይጻፉ፤ ሲኒውን ማን እንዳነሣው፣ ማን እንዳሸገው፣ ለማን እንዳስረከበውም ይጠይቁ። ተከላካይ ጠበቃ የሚጀምረው ከዚያ ነው።