አዲሱ ሜታል ዲቴክተሬ ያለማቋረጥ ይጮሃል፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ (ጀማሪው)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜታል ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ያለ ብረት የሚፈልግ መሣሪያ) ለመዝናኛ ያህል ገና መልመዴ ነው። መሣሪያው ተራ ቪኤልኤፍ (በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ የተለመደ ዓይነት) ነው፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ፣ 28 ሴንቲ ሜትር ዲዲ ኮይል (ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው፣ መሬቱን የሚጠርገው ክፍል) ያለው፣ የተገኘው ዕቃ ምን ሊሆን እንደሚችል ከ0 እስከ 99 ባለ ቁጥር የሚያሳይ። ቤት ውስጥም ግቢም ስከፍተው ምንም በሌለበት ይጮሃል። ጥሩ ቁጥር አሳይቶኝ ስቆፍር ወይ የዛገ ሚስማር ይወጣል፣ ወይ ጉድጓዱ ባዶ ይሆናል። ባሕር ጠረፍ እርጥብ አሸዋ ላይ ደግሞ ጭራሽ አልሠራ አለኝ። ዕቃው ተበላሽቶ ነው ወይስ አያያዜ? ሚስማርና ፎይል እንዳይጮህብኝ ዲስክሪሚኔሽኑን (የማይፈለጉ ዕቃዎችን ድምፅ የሚዘጋውን ማስተካከያ) ከፍ ባደርገውስ ምን አጣለሁ?

መልስ (ዘንጉ)፦
ዕቃው ደህና ነው ብለህ ተነሣ፤ እንዲህ የሚጮኽ አዲስ ዲቴክተር አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። በመጀመሪያ ቤት ውስጥ መሞከሩን ተው። ወለሉ ፌሮ አለው፣ ግድግዳው ሚስማርና የመብራት ገመድ አለው፣ ዋይፋዩም አምፖሉም ይረብሹታል። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እንኳ እ.ኤ.አ. በ1881 በፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረውን ጥይት በእንዲህ ያለ መሣሪያ ሲፈልግ የአልጋው ሞላ እንዳሳሳተው ይነገራል።

ውጭ ውጣና ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ለይ። ኮይሉን ወገብህ አካባቢ አንሥተህ ምንም ሳታንቀሳቅስ ያዘው። ቆሞም ከጮኸ ከአየር የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው፤ የመብራት መስመር፣ የስልክ አንቴና፣ ኪስህ ያለው ሞባይል ወይም አጠገብህ ያለ ሌላ ዲቴክተር። ስልኩን ወደ በረራ ሁኔታ ቀይር፣ መሣሪያህ ፍሪኩዌንሲ ማንሸራተቻ ካለው ቁጥሩን እየቀያየርክ ጸጥ የሚልበትን ፈልግ፣ አልሆን ካለ ከመስመሩ ራቅ።

ቆሞ ዝም ብሎ ስታወዛውዘው ብቻ ከጮኸ ሦስት ነገር አይተህ እለፍ፦ የኮይሉ ገመድ፣ የኮይሉ ሽፋን፣ ጫማህ። ገመዱ ዘንጉ ላይ ጠበቅ ብሎ መጠምጠም አለበት፤ ኮይሉ አጠገብ ላላ ብሎ የሚወዛወዝ ገመድ ራሱ እንደ ብረት ይነበባል። የታችኛው ዘንግ ከፕላስቲክ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ሽፋኑ ሥር የተጠራቀመ አሸዋም ያስጮኻል፤ አውልቀህ እጠበው። አፍንጫው ብረት የሆነ የሥራ ጫማ ካደረግህ ደግሞ ኮይሉ እግርህ አጠገብ በደረሰ ቁጥር ይጮሃል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሴንሲቲቪቲውን (መሣሪያው ደካማ ምልክት የመስማት አቅሙን) ወደ ግማሽ አውርደው። ጀማሪ ሁሉ ጫፍ ድረስ ከፍቶት ይወጣል። ከፍ ባለ ቁጥር ጠለቅ ያለውን ያያል፣ ግን የመሬቱንና የአየሩንም ረብሻ አብሮ ያጎላል፤ በጩኸት መሐል ደግሞ ጥልቁን ሳንቲም አትሰማውም። ጸጥ ብሎ የሚሠራ ግማሽ ሴንሲቲቪቲ የሚንጫጫውን ሙሉ ይበልጠዋል።

መልስ (አፈሩን ስማ)፦
ዘንጉ ያለው ልክ ነው፣ ግራውንድ ባላንስን (መሣሪያውን ከአፈሩ ጋር ማስተካከልን) ግን ረሳው። አፈር ውስጥ የብረት ማዕድን አለ፤ ቀይና ጥቁር አፈር ላይ ብዙ ጊዜ ይበዛል። መሣሪያው ያንን እንደ መሬት ቆጥሮ እንዲተወው ካላስተማርከው ኮይሉ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ይጮሃል።

አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ ጠርገህ ምንም ብረት የሌለበት ቦታ አግኝ፤ ሚስማር ላይ ካስተካከልከው ሁሉም ነገር ይዛባል። የግራውንድ ባላንስ ቁልፉን ይዘህ ኮይሉን ከመሬት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ እስከ 20 ድረስ ቀጥ ብለህ አውጣ አውርድ፤ ሳታዘነብል። ኮይሉ ሲወጣም ሲወርድም ድምፁ ለውጥ ሳያሳይ እኩል ሲሆን ቁልፉን ልቀቀው። በእጅ የሚስተካከል ከሆነ ቁጥሩን ትንሽ ትንሽ እየቀየርክ ያንኑ ድገም። አፈሩ ሲቀየር፣ ከደረቅ ወደ እርጥብ ስታልፍ፣ እንደገና አድርገው። መሐል ላይ አንድ ድንጋይ ብቻ ለይቶ የሚያስጮኸው ከሆነ ድንጋዩ ከአካባቢው አፈር የተለየ ማዕድን ይዟል ማለት ነው፤ በእግርህ ገፋ አድርገህ እንደገና ፈትሽ።

መልስ (ቀስ በል)፦
እኔ ስለ እጅ ልናገር። ኮይሉ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ጀማሪን የምታውቀው ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ሲደርስ ኮይሉን እንደ ዥዋዥዌ ወደ ላይ ሲያነሣ ነው፤ ጫፍ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ካነሣኸው እዚያ ያንኑ ያህል ጥልቀት ታጣለህ። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሁለት ሴኮንድ ያህል ይውሰድብህ፣ ቀጣዩ ጥርጊያ የፊተኛውን ግማሽ ይደርብ።

ለመቆፈር የሚገባው ድምፅ ተደጋጋሚ ነው። ከግራም ከቀኝም ስትመጣ እኩል ይጮሃል፣ ቁጥሩም ከሁለት ሦስት በላይ አይዘልም። ከዚያ ዕቃው ዙሪያ ሩብ ክብ ዞረህ በሌላ አቅጣጫ ጥረገው። የዛገ ሚስማር በአንድ በኩል እንደ ብር ይዘምርና ዘጠና ዲግሪ ስትዞር ይሰበራል ወይም ይጠፋል። የአንተ «ጥሩ ቁጥር አሳይቶ ሚስማር» ይኸው ነው። ቆርኪ የባሰ አታላይ ነው፤ ብረት ሆኖ ሳለ ቅርጹ ክብና ጠፍጣፋ በመሆኑ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ዲዲ ኮይል ላይ ኮይሉን እያወዛወዝክ ወደ ራስህ ቀስ ብለህ ሳበው፤ ቆርኪው በኮይሉ የፊት ጫፍ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ድምፁ ወደ ብረት ይሰበራል፣ ሳንቲም ግን እስከ መጨረሻው ንጹሕ ነው።

ባዶው ጉድጓድ ከሁለት በአንዱ የመጣ ይመስለኛል። ወይ ከላይ የተባለው አታላይ ብረት ነበር፣ ወይ ዕቃው ከአፈሩ ጋር ወጥቶ ክምሩ ውስጥ አለ። ጉድጓዱን ከማስፋትህ በፊት ክምሩን ጥረገው። ቦታውን ለመያዝ ኮይሉን በመስቀል አድርገህ አወዛውዘው፤ ድምፁ የሚበረታባቸው ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ዕቃው ያለበት ነው። ፒንፖይንት (የዕቃውን ትክክለኛ ቦታ ማመልከቻ) ቁልፉን ስትይዝ ግን ድምፅ ለማግኘት ኮይሉን ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። በነገራችን ላይ ድምፁ ነጥብ ሳይሆን መስመር ሆኖ ብዙ እርምጃ ከቀጠለ አካፋ አታንሣ፤ የተቀበረ የመብራት ገመድ ወይም ቧንቧ ሊሆን ይችላል።

መልስ (ጆሮ ይበልጣል)፦
ዲስክሪሚኔሽንን በተመለከተ ከ40 በታች ያለውን ዝጋው። ለጀማሪ የሚሻለው ይኼ ነው፤ ካልሆነ ሙሉ ቀን ፎይል እየለቀመ ተስፋ ይቆርጣል።

መልስ (ቀስ በል)፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ቁጥሩ የሚነግርህ የዕቃውን ኮንዳክቲቪቲ (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም) እና መጠን አንድ ላይ ነው እንጂ ወርቅነቱን አይደለም። ስስ የወርቅ ቀለበት ከፎይል ጋር፣ ወፍራሙ ከጣሳ መጠጥ መክፈቻ ቀለበት ጋር አንድ ቦታ ያርፋል። ፎይሉን ስትዘጋ ቀለበቱን አብረህ ዘጋህ። 40 የሚባለው ቁጥርም ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል፤ በአንዱ ፎይል የሆነው በሌላው ሳንቲም ነው።

ሌላም ጣጣ አለው። ሳንቲም አጠገብ ሚስማር ካለ፣ የተዘጋው ሚስማር መሣሪያውን ለቅጽበት ዝም ያሰኘዋል፣ ሳንቲሙም አብሮ ይታለፋል። የምመክረው ትንሹን ብረት ብቻ መዝጋት፣ ቀሪውን በጆሮ መለየት ነው። ቆሻሻ የበዛበት ቦታ ላይ ዲስክሪሚኔሽን ከመጨመር ትንሽ ኮይል መግጠም ይሻላል፤ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ጥልቀት ይቀንሳል፣ ሁለት ተጠጋግተው ያሉ ዕቃዎችን ግን ይለያል።

ልምምዱን በሜዳ ላይ ሳይሆን በምታውቃቸው ዕቃዎች ጀምር። ንጹሕ መሬት ላይ ሳንቲም፣ ቀለበት፣ የተጨማደደ ፎይል፣ ቆርኪና ሚስማር ግማሽ ግማሽ ሜትር አራርቀህ አስቀምጥና ስክሪኑን ሳታይ ስማ። ከዚያ ሳንቲሙን 5፣ 10፣ 15 ሴንቲ ሜትር ቅበረው፤ ከዚያ ሚስማሩን አጠገቡ አድርግ። እየጠለቀ ሲሄድ ቁጥሩ ሲዋዥቅ ድምፁ ሲሳሳ ታያለህ፤ በእርግጥ ሜዳ ላይ የምትሰማው ያንኑ ነው።

መልስ (ጆሮ ይበልጣል)፦
ትንሽ ኮይል ካለው እሺ። ከሌለው ግን ፎይል የሞላበት ቦታ ላይ ሁሉን ቆፍር ማለት ግፍ ነው።

መልስ (የአሸዋ ሰው)፦
እርጥብ አሸዋው ላይ ያለው ጥፋት ያንተ አይደለም። ጨው ያለበት ውኃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ መሣሪያ ጨውንና የአሸዋውን ማዕድን በአንድ ጊዜ ችላ ማለት ያቅተዋል። ደረቁ አሸዋ ላይ በደንብ ይሠራልሃል። እርጥቡ ላይ ግድ ካለህ የባሕር ጠረፍ ፕሮግራሙን ምረጥ፣ ሴንሲቲቪቲውን ወደ ሲሶ አውርድ፣ ግራውንድ ባላንሱን እዚያው እርጥቡ ላይ ሥራ። ከውኃው መስመር ጋር ትይዩ ሆነህ ሂድ እንጂ ወደ ውኃው ወጣ ገባ አትበል፤ እርጥበቱ በየእርምጃው ሲቀየር ነው የሚንጫጫው። ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሰው ብዙ ፍሪኩዌንሲ ያለው ወይም ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባለውን ሌላ ዓይነት ዲቴክተር ይገዛል። ፐልሱ ጨው አይበግረውም፣ ሚስማርን ከወርቅ በመለየት ግን ደካማ ነው። የብዙ መሣሪያ ኮይሉ ብቻ ነው ውኃ የማያስገባው፤ መቆጣጠሪያ ሳጥኑን አታጥልቅ፣ ሲያበቃ በጨው አልባ ውኃ አጥበው።

መልስ (ዘንጉ)፦
ስለ አቆፋፈር ማንም አላነሣም። ሣር ላይ ከሆነ በሦስት ጎን ብቻ ቁረጥ፣ አራተኛውን እንደ ማጠፊያ ተወው፣ ሣሩን ከነሥሩ ገልብጥ። አፈሩን ጨርቅ ላይ አድርግ፣ መልሰህ ሙላ፣ ርገጠው። የመሬቱን ባለቤት ፈቃድ ሳትይዝ አትግባ፤ ጥንታዊ ቅርስ ያለበት ቦታ ላይ መቆፈር በብዙ አገር በሕግ ያስቀጣል። ሞላላ፣ ክንፍ ያለው ወይም እንደ ጥይት ቀለህ ያለ ትልቅ የዛገ ዕቃ ከወጣ ያልፈነዳ ቦምብ ሊሆን ስለሚችል ሳትነካው፣ ሳታንኳኳው ምልክት አድርገህ ራቅና ፖሊስ ጥራ። ያገኘኸውን አሮጌ ሳንቲምም በልብስህ አትፈትገው፤ የተጣበቀው አፈር ፊቱን ይቧጭረዋል።

ጠያቂ (ጀማሪው)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገመዱ ኮይሉ አጠገብ ላላ ብሎ ነበር፤ አጠበቅሁትና ሴንሲቲቪቲውን ግማሽ ሳደርገው ጸጥ አለ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ የእጅ ፒንፖይንተር (ጉድጓድ ውስጥ ዕቃውን የምፈልግበት ትንሽ ዲቴክተር) ጉድጓዱ አጠገብ ስከፍት ዲቴክተሩ እንደገና መንጫጫት ይጀምራል።

መልስ (ቀስ በል)፦
ሁለቱም ሲግናል ይልካሉ፣ ይጋጫሉ። ዲቴክተሩን አጥፋው ወይም ኮይሉን ሁለት ሜትር አርቀህ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙረው። ፒንፖይንተሩን ስታበራም ጫፉን ከአፈሩ ነጥለህ አብራው፤ ብረት አጠገብ ከበራ ያንን ብረት እንደ ባዶ ቆጥሮ ሊያልፈው ይችላል።