ከጥገና ሱቅ ወደ ባንክ ወይስ ወደ ሆስፒታል? ለአይቲ ድጋፍ ባለሙያ የሚበጀው የሥራ ቦታ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ። በሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪስ ሌቭል 4 ጨርሼ፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘናውን አልፌ፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት አዳማ ውስጥ በአንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ እየሠራሁ እገኛለሁ። የተሰነጠቀ ስክሪን እቀይራለሁ፤ የላላ የቻርጀር መሰኪያ እበይዳለሁ፤ በቫይረስ ከተመታ ፍላሽ ውስጥ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ አወጣለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ይሁን እንጂ በእነዚህ ሦስት ዓመታት አንድም ቀን ሰርቨር (ሌሎች ኮምፒውተሮችን የሚያገለግለውን ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ነክቼ አላውቅም።

አሁን ሁለት ዕድሎች አሉኝ። አንደኛው አዲስ አበባ በሚገኝ የአንድ የግል ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሄልፕ ዴስክ (የሠራተኞችን የኮምፒውተር ችግር ተቀብሎ የሚፈታው ክፍል) ላይ ሲሆን፣ ሁለተኛው እዚሁ ከተማ ባለ የመንግሥት ሆስፒታል በአይቲ ባለሙያነት ነው። የባንኩ ደመወዝ ይበልጣል፤ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ግን ልዩነቱን ሊውጠው እንደሚችል አስቤያለሁ። ፍላጎቴ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኔትወርክ አስተዳዳሪ መሆን ነውና፣ በሁለቱ ቦታዎች የሚውል ሰው ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍና የትኛው ወደዚያ እንደሚያደርሰኝ ከሚያውቅ ሰው መስማት እሻለሁ።

መልስ፦ ከባንክ ባለሙያ

እኔም እንደ እርስዎ ከጥገና ሱቅ ወደ ባንክ የገባሁ ሰው ነኝ። መጀመሪያ የከበደኝ ነገር እጄን መሰብሰብ ነበር። ሱቅ ውስጥ ዕቃው ከተበላሸ ይፈቱታል፤ ባንክ ውስጥ ግን የእያንዳንዱ ሰው ሥልጣን ተከፋፍሏል። አንዲት ቴለር የይለፍ ቃሏ ተቆልፎባት ብትደውል፣ ስሟንና የሠራተኛ መለያ ቁጥሯን አረጋግጬ፣ ጥያቄዋን በቲኬት (በጥያቄ መከታተያ ቅጽ) መዝግቤ እከፍትላታለሁ፤ በኮር ባንኪንጉ (የባንኩ ዋና የሒሳብ ሥርዓት) ላይ ያላትን የክፍያ ጣሪያ መለወጥ ግን የእኔ ሥራ አይደለም፣ ልለውጠውም አልችልም። በመጀመሪያው ዓመት ይህ እንደ ውርደት ይሰማኝ ነበር። በኋላ ላይ የቴለርን መለያ ለማይገባው ሰው የከፈተ ባለሙያ ካዝናውን እንደከፈተ የሚቆጠር መሆኑን ሲገባኝ፣ አሠራሩን ወደድኩት።

ጥቅሙ ሰፊ ነው። በየቅርንጫፉ የተበተኑ ኮምፒውተሮች አክቲቭ ዳይሬክተሪ በተባለው ሥርዓት ከአንድ ቦታ ሲተዳደሩ፣ አንድ ለውጥ ከመደረጉ በፊት በጽሑፍ ሲጸድቅ፣ ካልሠራም ወደ ነበረበት እንዴት እንደሚመለስ አስቀድሞ ሲታሰብ ያያሉ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሊያበቃ ሲል ያረጁትን ማሽኖች ለይተን የመተካቱ ሥራ ለእኔ እንደ ትምህርት ቤት ነበር። ጉዳቱ ደግሞ መጥበቡ ነው፤ ዓመታት አልፈው አሁንም የይለፍ ቃል ብቻ የሚከፍቱ ባልደረቦች አሉኝ።

ስለ ሰዓቱም አስቀድመው ይወቁ። የባንኮች የሒሳብ ዓመት ሰኔ 23 ስለሚዘጋ በዚያ ሌሊት ወደ ቤት የሚሄድ የአይቲ ሠራተኛ ጥቂት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ክፍያ 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይከፈላል። ውል ከመፈረምዎ በፊት ይህ እንዴት እንደሚፈጸም ይጠይቁ።

መልስ፦ ከሆስፒታል ባለሙያ

ወንድሜ፣ የባንኩ ባለሙያ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም ኔትወርክ መማር ለሚፈልግ ሰው ሆስፒታልን አቅልለህ እንዳታየው እለምንሃለሁ። እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ኬብል የምዘረጋውም፣ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል እርስ በርስ የሚያገናኘውን መሣሪያ) የማዋቅረውም፣ የሰርቨሩን ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) የምወስደውም እኔው ነኝ።

አንድ ምሳሌ ልንገርህ። መብራት በጠፋ ቁጥር ካርድ ክፍሉ ሥራ ያቆም ነበር። ኮምፒውተሮቹ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል በሚሰጥ የባትሪ መሣሪያ) ስለሚሠሩ አይጠፉም፤ ጀነሬተሩም ወዲያው ይነሣል፤ ግን ሠራተኞቹ «ሲስተም የለም» እያሉ ሕመምተኛውን ያቆሙት ነበር። ለሳምንታት ጥፋቱን ሰርቨሩ ላይ ስፈልግ ከረምኩ። አንድ ረፋድ መብራት ሲጠፋ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ሆኜ ስመለከት፣ ግድግዳው ላይ ከፍ ብላ የተሰቀለችው ትንሿ ስዊች መብራቶቿ ሁሉ ጠፍተው አየሁ። ከዩፒኤሱ ጋር የሚያገናኛት አልነበረም፤ የተሰካችው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ነው። መብራቱ ሲመለስ እንደገና ተነሥታ መሥራት እስክትጀምር፣ ልጅ ያዘለች እናት መስኮቱ ላይ ካርዷን ዘርግታ ትጠብቃለች። ገመዷን ወደ ዩፒኤሱ አዛወርኩት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ እየዞርኩ ስዊች ሁሉ ከምን እንደተሰካ በደብተሬ መዝግቤአለሁ።

ችግሩን ግን አልደብቅህም። ብቻህን ነህ፤ ስትሳሳት የሚያርምህ አዛውንት ባለሙያ የለም። አንድ የዩፒኤስ ባትሪ ለመተካት የግዥ ሂደቱ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የጤና ሪፖርቱ ወር ከ21 እስከ 20 ስለሚቆጠር፣ ከ20 በኋላ ባሉት ቀናት ሪፖርቱ የሚገባበት ሥርዓት ዲኤችአይኤስ 2 አልከፈት ካለ ስልክህ አያርፍም። የአልትራሳውንድና የላቦራቶሪ መሣሪያዎች የባዮሜዲካል ባለሙያዎች ድርሻ ናቸው፤ ማሽኑ ላይ ስክሪን ስላለ ብቻ «አይቲው ያየው» ሲሉህ በትሕትና እምቢ ማለትን ልመድ። ከላይ የተጠቀሰው አዋጅም የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም።

መልስ፦ ከቨርጂኒያ

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ሉደን ካውንቲ ውስጥ በዳታ ሴንተር (የብዙ ሰርቨሮች ማዕከል) ቴክኒሻንነት በ12 ሰዓት ፈረቃ እሠራለሁ። በዚህ አካባቢ በሙያው የተሰማሩ የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው። ለአይቲ ድጋፍ ባለሙያዎች የሚሰጠው የኮምፕቲያ ኤ ፕላስ ምስክር ወረቀት ሁለት ፈተናዎች አሉት። የመጀመሪያው ስለ ሃርድዌርና ኔትወርክ ስለሆነ አገር ቤት በጥገና ያሳለፍኩት ጊዜ አሻገረኝ። ሁለተኛው ግን ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ስለ ደኅንነት፣ ስለ ቲኬት አያያዝና ስለ ለውጥ አስተዳደር ይጠይቃል፤ እነዚህን የሚያስተምር ቦታ ሠርቼ ስለማላውቅ በመጀመሪያው ሙከራ ወደቅሁ። ጠያቂው በሱቁ ያላገኙትን ይህን ክፍል ባንኩ ይሞላላቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የስዊቿ ታሪክ ልቤን ወደ ሆስፒታሉ ስቦት ነበር፤ ነገር ግን የሚያርመኝ ሰው ማጣትን ፈራሁ፤ ሦስት ዓመትም ያለ አራሚ ሠርቻለሁና ይበቃኛል። የባንኩ ቃለ መጠይቅ ሐሙስ ነው። በሄልፕ ዴስክ ታጥሬ እንዳልቀር ምን ልጠይቃቸው?

መልስ፦ ከባንክ ባለሙያ

ባለፉት ሁለት ዓመታት ከሄልፕ ዴስክ ወደ ኔትወርክ ክፍል ስንት ሰው እንደተዛወረ ይጠይቁ፤ ቁጥር ከነገሩዎት ጥሩ ምልክት ነው። እንዲሁም አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት ከኔትወርክ ቡድኑ ጋር የሚሄድ የድጋፍ ሠራተኛ እንዳለ ይጠይቁና እርስዎ ፈቃደኛ መሆንዎን ይንገሯቸው። ቅርንጫፍ ሲከፈት ራክ (የኔትወርክ መሣሪያዎች መደርደሪያ) ይተከላል፣ ኬብል ይዘረጋል፣ ራውተሩ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ይገናኛል። እኔ ወደ ኔትወርክ ክፍል የተሻገርኩት መሰላል ይዤ በእንዲህ ዓይነት ሦስት ጉዞዎች ከሄድኩ በኋላ ነው።