ከመቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ እናቴን ቤት ውስጥ እንዴት ላስታምማት?

ጥያቄ፦
እናቴ የደም ካንሰር ታማ ከታናሽ እህቷ በተወሰደ መቅኔ ንቅለ ተከላ ተደርጎላት ሰሞኑን ከሆስፒታል ወጥታለች። ስትወጣ የተሰጠን ወረቀት ብዙ ነገር ቢዘረዝርም፣ የትኛው ምልክት በእኩለ ሌሊት የሚያስደውል፣ የትኛው ደግሞ እስከ ቀጠሮ ቀን የሚያቆይ እንደሆነ መለየት አቅቶናል። ምግብ ስትቀምስ «ብረት ብረት ይለኛል» ብላ ትመልሰዋለች፤ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። አሁንም አሁንም እንዴት ነሽ ስንላት ደግሞ «ሕፃን አደረጋችሁኝ» ብላ ትቆጣለች። በዚህ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ውለታችሁ አይረሳኝም።

መልስ፣ ከንቅለ ተከላ ክፍል ነርስ፦
ፈጣሪ ይማርልዎ። ሌሊትም ቢሆን ከሚያስደውሉት ምልክቶች ዋነኛው ትኩሳት ነው። የሐኪሞቻቸው ቡድን ሌላ ቁጥር ካልሰጣችሁ በቀር፣ ቴርሞሜትሩ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ እስኪነጋ ሳትጠብቁ ደውሉ። ከመደወላችሁ በፊት ፓራሲታሞል አትስጧቸው፤ መድኃኒቱ ሙቀቱን ያወርደዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያጠፋውም፣ ሐኪሙም የሚመራበትን ምልክት ያሳጣዋል። ስቴሮይድ (የሰውነትን መከላከያ የሚያለዝብ መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ትኩሳቱ ጨርሶ ላይታይ ስለሚችል፣ ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ንግግራቸው ከተምታታ ሙቀታቸው ደህና ቢሆንም ዝም አትበሉ። የማይቆም ነስርም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ የለጋሿ ሕዋሳት የእናትዎን አካል እንደ ባዕድ ቆጥረው ሊያጠቁ መቻላቸው ነው፤ ለጋሿ እህት መሆናቸው አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። መዳፍና የውስጥ እግር ላይ የሚጀምር ሽፍታ፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ካያችሁ በዚያው ዕለት አሳውቁ። ቶሎ ሲደረስበት የሚታከም በመሆኑ፣ ሽፍታውን ቤት ባለው ቅባት እየቀቡ ማቆየት አይገባም።

መልስ፣ አባቱን ያስታመመ፦
ነርሷ ካሉት በተጨማሪ እኔን ብዙ ያሳሰበኝ የመድኃኒት ሰዓት ነበር። እናትዎ የለጋሿ ሕዋሳት አካላቸውን እንዳያጠቁ የሚሰጡትን ታክሮሊመስ ወይም ሳይክሎስፖሪን የሚወስዱ ከሆነ፣ በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን በሚለካበት ቀን የጠዋቱ ክኒን የሚዋጠው ደሙ ከተቀዳ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ክኒኑን በቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ። ግሬፕፍሩት (ብርቱካን የሚመስለው መራራ ፍሬ) የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርግ ቤት አታስገቡት። አዛኝ ጎረቤት ይዞት የሚመጣውን የዕፅዋት መድኃኒትም ሐኪም ሳይጠየቅ አትቀበሉ፤ እንቢ ማለቱ ያሳፍራል፣ ግን ግድ ነው።

የብረቱ ጣዕም የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ቀስ በቀስ ይለቃል። አባቴ በፕላስቲክ ማንኪያ ሲበላ ይቀለው ነበር፤ ትኩስ ምግብ ሽታው ስለሚያስጠላው አብርደን፣ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ እናቀርብለት ነበር። ያልበሰለ ሥጋና እንቁላል፣ ያልተፈላ ወተት፣ ወጥቶ የቆየ ምግብ ግን በምንም ዓይነት አይቀርብም። መብላት ቢያቅታቸው እንኳ የሚጠጡት ፈሳሽ እንዳይቀንስ ተከታተሉ፤ እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊትን ስለሚያስቸግሩ የውሃ ማነስ ይጎዳቸዋል።

መልስ፣ ንቅለ ተከላ የተደረገለት፦
በታማሚው ወገን ሆኜ ልናገር። ድካሙ እንቅልፍ የሚያስወግደው ዓይነት አይደለም፤ ወራት አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ «ዛሬም አልተነሳሽም?» የሚለው ጥያቄ ይከብዳል። ሆኖም አልጋ ላይ መዋል ጡንቻን ስለሚያሟሽሽ፣ ከክፍል ክፍል መራመድም ቢሆን በየቀኑ ያስፈልጋል። ሙቀታቸውን ራሳቸው ለክተው በደብተር ይጻፉት፤ እናንተ ጠዋትና ማታ ደብተሩን ብታዩ በየደቂቃው ከመጠየቅ ትድናላችሁ፣ እሳቸውም የቤቱ እመቤትነታቸውን ይዘው ይቆያሉ። እኔን ከቁጣዬ ያበረደኝ ይህ ብቻ ነው፤ ግማሹን ቁጣ ያመጣው ስቴሮይዱ እንደነበረም ኋላ ሐኪሜ ነገረኝ።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ፤ ደብተሩን ዛሬውኑ እንጀምራለን። አንድ ነገር ልጨምር፤ የእህቴ ልጆች አያታቸውን ለማየት እያለቀሱ ነው። መምጣት ይችላሉ?

መልስ፣ ከንቅለ ተከላ ክፍል ነርስ፦
ጤነኞች ከሆኑ፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ተራ በተራ ገብተው ሊያዩዋቸው ይችላሉ፤ ሐኪማቸው ግን አስቀድሞ ይወቅ። ጉንፋን፣ ሳል ወይም ተቅማጥ ያለበት ሰው ትልቅም ይሁን ትንሽ ይቆይ። እናትዎ ቀድሞ በክትባት ያገኙት መከላከያ በአብዛኛው ስለሚጠፋ እንደገና መከተብ ይኖርባቸዋል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ንቅለ ተከላው ከተደረገ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ይጀመራል፤ እንደ ኩፍኝ ያሉ ሕያው (ከተዳከመ ሕያው ተህዋስ የሚሠሩ) ክትባቶች ግን ቢያንስ 2 ዓመት ይጠብቃሉ። እስከዚያው ቤተሰቡ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በመርፌ ቢወስድ ለእሳቸው ጋሻ ይሆናቸዋል። ከልጆቹ አንዱ ከጎበኛቸው በኋላ ጉድፍ (ቺክንፖክስ) ቢወጣበት፣ እናትዎ ምንም ባይሰማቸውም በዚያው ቀን ደውሉ፤ በሽታው እንዳይዛቸው የሚሰጠው መድኃኒት የሚጠቅመው በጊዜ ከተጀመረ ነው።